ይረክሳል ያለው ገዢ

ከሙናዊር ጋር አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ተጋርተን አሥራ ስድስት ዓመት ነግደናል። እሱ በወዲያ በኩል ፋኖስና የላምባ ምድጃ፣ እኔ በወዲህ ጓጉንቸር፣ ማጠፊያና ሚስማር። ሲያስነጥስ «ይማርህ» የምለው ለግድግዳው ነበር። ሱቆቻችን ሶማሌ ተራ ጥግ ላይ የነበሩ የቀበሌ ቤቶች ናቸው፤ ሁለት ገዢ በአንዴ ከገባ አንዱ የሚወጣው ወደ ኋላው እየሄደ ነው። ዛሬ ስሙ ሲነሣ የድሮ ጎረቤቶቻችን «እሱማ ከሰረ» ይሉና ወደ ሌላ ወሬ ያልፋሉ። መርካቶ ውስጥ መክሰር እንደ ጉንፋን ነው፣ ማንንም ይይዛል። የሙናዊርን አከሳሰር ግን ከኔ በላይ የሚያውቀው የለም፤ ምክሩን የሰጠሁት እኔ ነኝና።

ሙናዊር ከስልጤ ገጠር የመጣው በ1984 ነው፣ መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሆነው። መጀመሪያ የሰው ዕቃ ተሸከመ። ቀጥሎ የፋኖስ ክርና ብርጭቆ በካርቶን ይዞ በየበረንዳው ሸጠ። በዚያ ጊዜ ባለሱቅ በረንዳውን ሲያጥብ ውሃውን እንደነዚህ ዓይነት ልጆች ላይ አስተካክሎ ነበር የሚደፋው። እኔም አንዴ ደፍቼበታለሁ። እሱ ረስቶታል፣ ወይም የረሳ መስሏል፤ እኔ ግን አልረሳሁትም። በ1988 ከግድግዳዬ ወዲያ ይነግድ የነበረው አጎቱ ታሞ አገሩ ሲገባ የሱቁን ውል ለሙናዊር አዞረለት።

«እትዬ ሸዋርካብሽ፣ ከእንግዲህ ተነሥ የሚለኝ የለም» አለኝ የመጀመሪያውን ቀን፣ ቁልፉን መዳፉ ላይ እያገላበጠ።

ሌላው ነጋዴ መኪና ይመኛል፣ ቪላ ይመኛል። እሱ የተመኘው ያንን ሦስት በሦስት የማይሞላ ቦታ ነበር። ሀስናን ያገባው፣ ሁለት ልጆች የወለደው፣ ለእናቱ ቤት ቆርቆሮ የላከው ከዚያች ክፍል ነው። አንዳንድ ቀን ገበያ ሳይኖር እንኳ አይዘጋም፤ ደጃፉ ላይ ወንበሩን አውጥቶ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ አላፊ አግዳሚውን እንዲያው ያያል። አሾፍበት ነበር። «መሬቱ እንዳይሸሽብህ ነው የምትጠብቀው?» እለዋለሁ። «አዎ» ይለኛል፣ ሳይስቅ።

በ2001 የላምባ ዋጋ ሽቅብ ሲወጣ የፋኖስ ገበያው ቀዘቀዘ። ሙናዊር ሞኝ አልነበረም። ከገጠር የሚመጡ ደንበኞቹ «የፀሐይ መብራት የሚባል ነገር አለ አሉ» ማለት ሲጀምሩ ጆሮውን አቆመ። ከአንድ አስመጪ ባለ ሃምሳ ዋት ሶላር መቶ ፍሬ፣ እያንዳንዱን በሦስት ሺህ ሁለት መቶ ብር፣ ከነአርባ ባትሪው ገዛ። እቁቡን አወጣ፣ ፋኖሱን በጅምላ አራገፈ፣ ሀስናም የሠርጓን ወርቅ ከአንገቷ ፈትታ ሰጠችው። የመጀመሪያዎቹን ሃያ ሶላሮች የቡና አገር ሰዎች በአራት አራት ሺህ እየተሻሙ ወሰዱለት።

እንግዲህ ጥፋቱ የጀመረው ከዚህ ነው። በሌላ አገር ዕቃ ሲፈለግ ይሸጣል። እኛ ዘንድ ዕቃ ሲፈለግ ይደበቃል። ስኳር ሆነ ዘይት፣ ሲሚንቶ ሆነ ብረት፣ ዛሬ ያልሸጥከው ነገ ይበልጥ ያወጣል፤ ይህን ማንም አያስተምርህም፣ ከአየሩ ነው የምትስበው። እኔ በዕድሜዬ ሲረክስ ያየሁት ነገር ቢኖር በመኸር ወቅት ሽንኩርት ብቻ ነው። ሽንኩርት ደግሞ ይበሰብሳል። መስታወትና ብረት የሆነ ዕቃ፣ የማይበሰብስ፣ አይጥ የማይበላው፣ ፖሊስ የማይፈልገው ዕቃ ምን ቆርጦት ይረክሳል? ሙናዊር ሰማንያውን ሶላር ጭኖ ቤቱ አስገባው።

ቤቱ ተክለ ሃይማኖት አጠገብ ያለች አንዲት የኪራይ ክፍል ናት። ካርቶኖቹን መሬት ላይ ደርድሮ ፍራሹን በላያቸው ዘረጋው። አራት ነፍስ ሶላር ላይ ተኛ። ያ ወቅት ደግሞ መብራት በፈረቃ የነበረበት ነው፤ አንድ ቀን ይመጣል፣ አንድ ቀን ይሄዳል። አንድ ማታ ለሀስና የልጅ ልብስ ላደርስላት ብገባ ሻማ አብርተው ልጆቹ የቤት ሥራ ይሠራሉ። ሰማንያ የፀሐይ መብራት ላይ ተቀምጠው ሻማ! ሳቄ አመለጠኝ። ሀስናም ሳቀች። ሙናዊር ግን በቁም ነገር አስረዳኝ፤ ካርቶኑ አንዴ ከተከፈተ ዕቃው አሮጌ ይባላል፣ ዋጋው ይወድቃል አለኝ። እውነቱን ነው ብዬ ወጣሁ።

ይድነቃቸው የሚባለው ልጅ የመጣው በ2002 ሚያዝያ ላይ ነው። ለገጠር ጤና ኬላዎች መብራት የሚያስገባ ድርጅት ውስጥ መሐንዲስ ነኝ አለ። ቀጭን፣ ጫማው አቧራ የለበሰ፣ ነገር ጠምዘዝ ማድረግ የማያውቅ ልጅ። መርካቶን ሙሉ ሲዞር ውሎ ሶላር ያለው ሙናዊር ዘንድ ብቻ መሆኑን ሰምቷል። የውጭ ምንዛሪ ጠፍቶ አስመጪዎቹ እጃቸው ባዶ ነበር። ሰማንያውንም በሦስት ሺህ አምስት መቶ ሒሳብ፣ ባትሪዎቹንም ጨምሮ እወስዳለሁ አለ። ሙናዊር አምስት ሺህ ጠራ። እኔ ወሬ አይቅርብኝ ብዬ ደጃፉ ላይ ቆሜያለሁ።

«ወንድሜ፣ ይህ ነገር ይረክሳል» አለው ይድነቃቸው። «ቻይና ውስጥ ፋብሪካው በየዓመቱ እየበዛ ነው። ብዙ በተሠራ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል። እኔ ዛሬ የምገዛህ በጀቴ ሰኔ ላይ ስለሚመለስብኝ ነው። ከርሞ ከሆነ በግማሽ ዋጋ አስመጣዋለሁ።»

ይህን ጊዜ ገባሁበት። ሲሚንቶ ሲረክስ አይተህ ታውቃለህ ወይ፣ ብረትስ? ብዬ ጠየቅኩት። ልጁ አልተቆጣም፤ ዞር ብሎ እንደ ተማሪ ቤት አስተማሪ ቀስ ብሎ መለሰልኝ።

«እነሱ አይረክሱም እናቴ። ሲሚንቶና ብረት ድንጋይ በእሳት ማቅለጥ ነው፤ ነዳጅ ሲወደድ አብረው ይወደዳሉ። ያለ ጭስ ይሠሩ ቢባል ደግሞ ጭራሽ ይብሳሉ፣ ያንን በርካሽ የሚያደርግ ዘዴ ገና አልተገኘም። ሶላር ግን ሌላ ነው። እንደ ሞባይል አስቡት። ያኔ ስንት ነበር፣ ዛሬ ስንት ነው?»

ስልክ ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ ለሙናዊር ሰጠው። እስከ አርብ እጠብቅሃለሁ ብሎ ሄደ።

ሙናዊር ወረቀቱን ይዞ ወደኔ ዞረ። እውነቱን ልናገር፤ ልቡ ወደ መሸጡ አዘንብሎ ነበር። ሦስት ሺህ አምስት መቶ አትራፊ ነው፣ ሀስናም ወርቋን ማስመለስ ትፈልጋለች። «ምን ይመስልዎታል?» አለኝ። እኔ ደግሞ በዕድሜ እበልጠዋለሁ፣ በንግድ እበልጠዋለሁ፣ አዋቂ ነሽ ሲሉኝ ደስ ይለኛል።

«አትሽጥ» አልኩት። «ዕቃህን የሚያጣጥል ገዢ ዕቃህን የፈለገ ገዢ ነው። የሚረክስ ቢሆን ለምን እሱ ይገዛዋል? ያስፈራራሃል እንጂ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።»

እስቲ ከመርካቶ ሰው ማን ነው ከዚህ የተለየ የሚመክር? እኛ ገዢ ዋጋ ሲናገር እውነት ይናገራል ብለን አናውቅም። ገዢ ሁሉ ዕቃውን ጠማማ ነው፣ ያረጀ ነው፣ ይረክሳል ይላል፤ ሻጭም ሁሉ በኪሳራ ነው የሰጠሁህ ይላል፤ ሁለቱም ውሸት መሆኑን እያወቅን እንስማማለን። ያ ልጅ እውነት ተናገረ። እውነቱን ግን የተናገረው ሰው በሚዋሽበት ቦታ ቆሞ ነው። አርብ መጣ፣ አርብ አለፈ። ሙናዊር አልደወለም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይህን ካልጨመርኩ መጻፌ ከንቱ ነው። በዚያው ሳምንት አርባ ካርቶን ሚስማር ገዝቼ መጋዘን አስገባሁ። ብረት አይረክስም ሲል ሰምቼዋለሁ። ለኔ የሚጠቅመውን ግማሽ አመንኩ፣ ለሙናዊር የሚጠቅመውን ግማሽ ሳቅኩበት። ተንኮል አልነበረም፤ ተክልዬን፣ ተንኮል አልነበረም። ጆሮዬ እንዲህ ነው የተሠራው።

በ2003 መስከረም ብር ረከሰ። በአንድ ጀንበር ዶላር ወደ ላይ ዘለለ፣ መርካቶም አበደ። ሙናዊር እየሮጠ መጥቶ ሻይ ጋበዘኝ። «እርስዎ ባይኖሩ ሸጬው ነበር» አለኝ። ስድስት ሺህ ይገባል አልን። እውነትም ሚስማሩ ወጣ፣ ጓጉንቸሩ ወጣ፣ ስኳርና ዘይቱማ አይነሣ። ሶላር ብቻ ቆመ። ቆሞም አልቀረ፤ በበጋው ላይ አውቶቡስ ተራ ያለ አንድ ሱቅ በሁለት ሺህ ስድስት መቶ ይሸጣል የሚል ወሬ ሰማን። ሙናዊር ሄዶ አየው። ተመሳስሎ የተሠራ ነው፣ ፎርጅድ ነው ብሎ ተመለሰ። ክረምቱ ሲያልቅ ሁለት ሺህ ገባ። ያንንም ኮንትሮባንድ ነው አለ። ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ሲመለስ እሸጠዋለሁ፣ ትርፍ አልፈልግም፣ ዋናዬን ብቻ አለ። እኔም አዎ፣ ታገሥ አልኩት።

አንድ ጠዋት ሀስና ብቻዋን መጣች። የሚያዳምጠው እርስዎን ነው፣ እባክዎን ሽጥ በሉልኝ አለችኝ። ወገቧን ይዛ ነበር የቆመችው፤ ካርቶኑ ከሥር እየጎረበጠ ለሁለት ዓመት በቅጡ እንዳልተኛች ነገረችኝ። እነግረዋለሁ አልኳት። አልነገርኩትም። በዚያ ዋጋ ከሸጠ ምክሬ ስህተት ነበር ማለት ነው፤ ይህን ለመስማት ዝግጁ አልነበርኩም። ወርቋ የሷ ነው፣ ወገቧም የሷ ነው፣ እኔ የፈራሁት ግን ለስሜ ነው።

በ2004 ጥር ላይ ከክፍለ ከተማው ደብዳቤ መጣ። አሮጌዎቹ ሱቆች ይፈርሳሉ፤ ነጋዴዎቹ በአክሲዮን ተደራጅተን ፎቅ ካልሠራን ቦታው ለጨረታ ይወጣል ይላል። ተሰበሰብን፣ ተጨቃጨቅን፣ ሐጂ ጠሀን ሰብሳቢ አደረግን። የመጀመሪያው መዋጮ በነፍስ ወከፍ ሁለት መቶ ሺህ ብር ሆነ፣ ቀነ ገደቡ ሰኔ ሠላሳ። የከፈለ አዲሱ ሕንጻ ላይ ቦታው ይጠበቅለታል፤ ያልከፈለ ስሙ ይሰረዛል። ሙናዊር ከስብሰባው ሲወጣ ፊቱ አመድ ለብሶ ነበር። ያለው ገንዘብ ሁሉ ከፍራሹ ሥር ነው።

በጥር እንኳ መሸጥ ነበረበት። አሁንም ግን ጠበቀ። ሰው የሚወርድ ዋጋ ሲጠብቅ እንዴት እንደሚሆን ያላየ አያውቀውም፤ በየቀኑ የዛሬው ከትናንትናው ስለሚያንስ፣ ዛሬ መሸጥ ትናንት አለመሸጥህን እንደ መፈረም ይሆንብሃል። የካቲት አለፈ፣ ሚያዝያም አለፈ። ቁልቁል ሲንሸራተት ያየው ሁሉ ምከረው ምከረው እንቢ ካለ መከራ ይምከረው ይል ነበር። እኔ ግን ተመክሮ ነው እንዲህ የሆነው ማለት ነበረብኝ።

ሰኔ አሥር ቀን ሲሆነው በሦስት ጋሪ ጭኖ አወጣው። አብሬው ሄድኩ። በየሱቁ አዲሱ ሶላር ተደርድሯል፤ ቀጠን ያለ፣ የሚያብረቀርቅ፣ አንድ ሺህ አራት መቶ ብር። የሙናዊር ካርቶን በእርጥበት ላልቷል፣ ሁለቱ ላይ የልጅ ሽንት ደርቋል። አንዱ ባለሱቅ በጣቱ መስታወቱን አንኳኩቶ «ይሄ ያረጀ ሞዴል ነው፣ ከዚህም ገና ይረክሳል» አለው። ይኼኛውም ዕቃ የሚያጣጥል ገዢ ነበር፤ ሙናዊር ግን በዚህ ጊዜ አመነው። ዘጠኝ መቶ ብር ሒሳብ ሁሉንም ወሰደለት። ባትሪዎቹ ደግሞ ሞተው ተገኙ። ለካ ባትሪ በየጊዜው ካልሞሉት ቆሞ ይሞታል፤ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ፀሐይ አላሳያቸውም። ለቁራሌው በኪሎ ተሸጡ።

አጠገባችን ቆመው ከነበሩ የገጠር ሰዎች አንዱ፣ ጠና ያሉ ሰውዬ፣ አዲሱን ሶላር ገዝተው በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉት ነበር። አምና ሦስት በግ ቢሸጡ የማይገዛ እንደነበር፣ ዘንድሮ በአንድ ሙክት በግ መግዛታቸውን ለሰው ሁሉ ይናገራሉ። ፊታቸው በራ። እግዜር ይመስገን ረከሰ ይላሉ። ሙናዊር ሰማቸው። «ይብራልዎ አባባ» አላቸውና ጋሪዎቹን ተከትሎ ሄደ። ለአገሩ የሆነው መልካም ነገር በሱ አናት ላይ እንዳለፈ እሱም አውቆታል፤ ሰው በደስታው አይረገምም።

የሱቁን ዕቃ፣ የቤቱን ቴሌቪዥን፣ ያለውን ሁሉ ደምሮ መቶ ሠላሳ ሺህ ሞላ። ሰባ ሺህ ጎደለ። ሐጂ ጠሀ ርኅሩኅ ሰው ናቸው፣ ስምንት ቀን ጨመሩለት። ሙናዊር ዘመድ ጋ ሄደ፣ ዘመዱም ያው የራሱ መዋጮ አለበት። በአምስተኛው ቀን ሱቄ ገብቶ ሣጥን ላይ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ ሰባ ሺህ ጎድሎብኛል» አለኝ።

ከዚያ በላይ አንድ ቃል አልጨመረም። ሚስማሩ ሁለት እጥፍ ወጥቶልኝ ድርሻዬን ከፍዬ ባንክ ውስጥ ዘጠና ሺህ ብር ነበረኝ። እሱ ያውቃል፤ በዚያ ቀጭን ግድግዳ ያልሰማው የኔ ጉዳይ የለም። አይዞህ፣ አላህ ያውቃል አልኩት። ውሃ ቀዳሁለት። ጠጣ፣ አመሰገነ፣ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ለራሴ «ቢጠይቀኝ እሰጠው ነበር» ስል ስንት ጊዜ ሆነኝ። ስልጤ ሳይሰጡት እጁን አይዘረጋም። ጎድሎብኛል ማለቱ መጠየቁ ነበር፤ ያን ቀን ሣጥኑ ላይ እንዳለም ገብቶኝ ነበር።

ስምንቱ ቀን ሲያልቅ ሐጂ ጠሀ ጠሩኝ። የሙናዊር ድርሻ ክፍት ሆኗል፣ ከማኅበራችን የሚወስደው ከጠፋ ባዕድ ሊገባ ነው፣ ድርሻውን ከከፈለ አባል ግን፣ ያው ድርሻው መያዣ ሆኖ፣ ለቅድሚያው ሰባ ሺህ ከተያዘ ቀሪውን በሁለት ወር እንቀበላለን አሉኝ። ሰባ ሺህ። ሌላ ቁጥር ቢሉኝ ኖሮ ትንሽ ይቀለኝ ነበር። እኔ ካልወሰድኩት ሌላ ይወስደዋል አልኩ በልቤ፣ ሰው ሁሉ እንደሚለው። ፈረምኩ።

ሙናዊር የመጣው ሱቆቹ ሊፈርሱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ነው። ቤተሰቡን ወደ ስልጤ አሳፍሯል፤ ነገ እሱም ይከተላል። ባዶ ሱቁ ውስጥ ገብቶ ትንሽ ቆየ፤ በግድግዳው በኩል ምንም አልሰማሁም። ከዚያ ወደኔ መጣ። ማን እንደወሰደው ነግረውታል።

«እንኳን እርስዎ ሆኑ» አለኝ። «የማላውቀው ሰው ከሚገባበት።»

እሱ በትከሻዬ በኩል ከኋላዬ ያሉትን የቀሩትን የሚስማር ካርቶኖች አየ፤ ላያቸው ላይ የገቡበት ቀን በእጄ ተጽፏል፣ ሚያዝያ 2002። ረጅም ጊዜ አየው። ፊቱ ላይ ቁጣ ብፈልግ አጣሁ፤ ቁጣ ቢኖር በእግዜር እምላለሁ ይሻለኝ ነበር።

«እትዬ ሸዋርካብሽ፣ ያን ልጅ ያን ቀን አምነውት ነበር?»

«አላመንኩትም» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። «እኔም እርስዎን ነው ያመንኩት» አለ፣ ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን እንደ እናት ነካ፣ ወጣ።

ፎቁ ከተሠራ ጥቂት ዓመታት ሆኑት። ምድር ላይ ሁለት ሱቅ አለኝ። የራሴ ላይ እሸጣለሁ፤ የሙናዊርን ደግሞ የሞባይል ዕቃ ለሚነግድ አንድ ወጣት አከራይቼዋለሁ፣ በወር በወሩ አንድ ቀን ሳያዛንፍ ያመጣልኛል፣ እኔም እቀበላለሁ።